ለባለቤቴ የጄኔሬተሩን ያህል ዕረፍት እንዲሰጣት ስለመጠየቅ

ለክቡር ዶክተር ፋሲል
የጉና በር ሆስፒታል ሜዲካል ዳይሬክተር
ደብረ ታቦር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የባለቤትዎን የወይዘሮ ሙሉን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እንቅልፍዎስ እንዴት ነው? ይህን የምጠይቀው ለወጉ ያህል አይደለም። በየቀኑ አመሻሽ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ዳቦ በፌስታል አንጠልጥለው በሱቄ በር ሲያልፉ፣ ፊትዎ ትናንት በደንብ የተኛ፣ ዛሬም በደንብ የሚተኛ ሰው ፊት መሆኑን ስለማይ ነው። ይህ ጸጋ እንዳይጓደልብዎት፣ የጉና ውርጭም ከብርድ ልብስዎ ውስጥ እንዳይገባ ከልብ እመኛለሁ።

ስሜ ሬድዋን ሰዒድ ይባላል፤ ከገበያው በላይ ባለው መንገድ ልብስ እሰፋለሁ። ክቡርነትዎ ደንበኛዬ ስለሆኑ የትከሻዎን ስፋትና የወገብዎን ዙሪያ፣ በየዓመቱም ምን ያህል እንደሚጨምር፣ ከእርስዎ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ። ከዚህ ሌላ በሆስፒታልዎ ተለማማጅ ሐኪም፣ እናንተ እንደምትሉት ኢንተርን፣ የሆነችው የዶክተር ሙኒራ ባል ነኝ። ከተጋባን ዘጠኝ ወራችን ነው። ባል ነኝ ስል በኒካሕ ወረቀቱ መሠረት ማለቴ ነው እንጂ፣ በኑሮውስ «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» የሚባለው ተረት ስለ እኔ የተተረተ ይመስለኛል። በእነዚህ ወራት ራት አብረን የበላንባቸውን ቀናት የሥራ ባልደረባዬ አሚን ሊቆጥርልኝ ሞክሮ የእጆቹ ጣቶች በቅተውታል።

ስለዚህ በግልጽ ልናገር፤ ይህ የቅናት ደብዳቤ ነው። በአገራችን ወግ በሰው የቀና ባል ሽማግሌ ይልካል፤ በሆስፒታል የቀና ባል ግን ማንን ወደ ማን እንደሚልክ የሚያውቅ አላገኘሁም። አሚንን ባማክረው፣ ዱላ ይዤ ብሄድ እንኳ ጠበኛው ራሱ ተቀብሎ እንደሚያክመኝ ነግሮ ሳቀብኝ። እኔም ቅናቴን እንደ መሥሪያ ቤት ወግ በቁጥር ለይቼ ለክቡርነትዎ ማቅረቡን መርጫለሁ።

አንደኛ፣ በጄኔሬተሩ እቀናለሁ። ከሆስፒታሉ ጓሮ ያለው ይህ የተከበረ ሞተር መብራት በሚጠፋበት ቀን ስድስት ሰዓት ሠርቶ ሁለት ሰዓት ያርፋል። በቤቱ በር ላይ «ከስድስት ሰዓት በላይ ማሠራት በጥብቅ የተከለከለ ነው» ተብሎ በቀይ ቀለም ተጽፏል። ባለፈው ክረምት አንድ ኃላፊ አንድ ሰዓት ብቻ ይጨመርለት ብለው ሲያዝዙ፣ ቴክኒሻኑ ካሳሁን ቁልፉን ኪሱ ከትቶ፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ለሚቃጠለው ሁሉ ኃላፊው ይፈርሙ ብሎ እምቢ ማለቱን ከተማው ሁሉ ሰምቷል። ኃላፊውም አልፈረሙም፤ ሞተሩም አረፈ። ለሚስቴ ቁልፏን ኪሱ የሚከትላት ካሳሁን የላትም፤ እንዲያውም ጄኔሬተሩ ባረፈባቸው በእነዚያ ሁለት ሰዓታት በእጅ ባትሪ ስትሠራ እንደነበር ነግራኛለች።

ሁለተኛ፣ በዘበኞቹ እቀናለሁ። በሦስት ፈረቃ ይሠራሉ፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። ትክክል ነው፤ ዘበኛ ካንቀላፋ ሌባ ገብቶ የሆስፒታሉን ንብረት ይወስዳል፤ ንብረት ደግሞ በቆጠራ ላይ ይጎድላል። ከዚህም በላይ ሚስቴ ዛሬ የትኛውን ሻሽ እንዳሰረች እኔ ሳላውቅ እነሱ ያውቃሉ። አንድ ቀን በር ላይ ቆሜ ሳስጠራት ዘበኛው፣ አረንጓዴውን ያሰረችው ዶክተር ናት ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አረንጓዴ ሻሽ እንዳላት አላውቅም ነበር።

ሦስተኛ፣ በበሽተኞች እቀናለሁ፤ ይህን በተመለከተ ወንጀል መፈጸሜንም እናዘዛለሁ። ሚስቴን ለሦስት ቀን ሳላያት ስቀር፣ ጣቴን መርፌ ወጋኝ ብዬ በተመላላሽ ክፍል ካርድ አወጣሁ። ክቡር ሆይ፣ በልብስ ሰፊነት ዘመኔ መርፌ ጣቴን ያልወጋበት ሳምንት የለም፤ ለዚህ ብሎ ሐኪም ዘንድ የሄደ ልብስ ሰፊም በደቡብ ጎንደር ተሰምቶ አይታወቅም። ከገሳይ በመጡ ጥርሳቸውን ያማቸው አዛውንትና በሚያስል ሽማግሌ መካከል ለሁለት ሰዓት ተሰልፌ ተራዬ ደረሰ። ሙኒራ አንገቷን ደፍታ ትጽፍ ነበር። ስሜን ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት፤ ጻፈች። ዕድሜዬን ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት፤ ጻፈች። አድራሻዬን ስትጠይቀኝ፣

«አንቺ ቤት» አልኳት።

«ቀበሌ?» አለችኝ።

ቀበሌውን ከነገርኳት በኋላ ነው ቀና ብላ ያየችኝ። መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎ ግን ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ከሁለታችን የትኛው በሽተኛ እንደሆነም ግራ ገባን። ሥራ ከገባች ሃያ ስምንት ሰዓቷ ነበር። ጣቴን በአልኮል ጠርጋ በፕላስተር አሸገችልኝና ቀጣዩን ተራ ጠራች። በዚያ ሳምንት ከሚስቴ ያገኘሁት አራት ደቂቃ ይህ ነው፤ ስለ መልካም መስተንግዶው ሆስፒታሉን ከልብ አመሰግናለሁ።

አራተኛው ረዘም ስለሚል ትዕግሥትዎን እለምናለሁ። ወይዘሮ ዝናሽ በሚባሉ አንዲት ገበሬ እቀናለሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት ታናሽ እህታቸውን ፈንታነሽን ይዘው ከእብናት የመጡ ናቸው። ፈንታነሽ ሴት ልጅ እንደወለደች የደም ግፊቷ ንሮ ሰውነቷን ያንቀጠቅጣት ስለጀመረ፣ እሱን የሚያቆም መርፌ በየአራት ሰዓቱ፣ በጠቅላላው ሰባት ጊዜ ታዘዘላት። መርፌው ነፍስ የሚያድን ነው፤ ከልኩ ካለፈ ግን ያው መርፌ ትንፋሽ ያቆማል።

አስታማሚዎቿ ሁለት ነበሩ፤ ዝናሽና የፈንታነሽ አማት እማሆይ አበበች። ሁለቱም ፊደል አልቆጠሩም። ነገር ግን ተራ ነበራቸው፤ አንዷ ስትቀመጥ ሌላዋ ግቢው ውስጥ ካለው የአስታማሚ ማረፊያ ሄዳ ትተኛለች። ሐኪም መርፌ በሰጠ ቁጥር ተረኛዋ በዝናሽ ነጠላ ዘርፍ ላይ አንድ ቋጠሮ ትቋጥራለች፤ ተራ ሲለዋወጡም ነጠላውን ለምትገባው አልብሳት ትወጣለች። ይህን ብልሃት እብናት ውስጥ ስንት ላም እንደታለበች፣ ስንት ቁና እንደተሰፈረ ለመያዝ ይጠቀሙበታል አሉ። ርክክባቸው ይኸው ነው፤ ማኅተምም ፊርማም የለውም።

ሙኒራ ረቡዕ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሥራ ገባች። ሐሙስ ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ ሰባተኛውንና የመጨረሻውን መርፌ በገዛ እጇ ሰጠች፤ ካርዱ ላይ ሳትጽፈው ግን በጎን ያለች ወላድ ደም እየፈሰሳት ነው ተብላ ተጠርታ ሮጠች። ሁለት ሰዓት ቆይታ ስትመለስ ካርዱ ስድስት ይላል። እሷም ስድስት መሰላት። የሰባተኛው ሰዓት አለፈብኝ ብላ እየተጣደፈች መርፌውን ሞልታ ወደ አልጋው ቀረበች። ቀን ሰባት ሰዓት ነበር፤ ፀሐዩ በመስኮት ገብቶ አልጋውን ሞልቶታል፤ እሷ ግን ሠላሳኛ ሰዓቷ ላይ ነበረች።

ዝናሽ ተነሥተው እጇን ያዙ። የነጠላቸውን ዘርፍ ከፊቷ ዘርግተው እንዲህ አሏት፦

«ልጄ፣ ሰባቱ አልቋል፤ ይኸው ቋጠሮው። እኛስ ተራ አለን፤ አንቺን የሚተካሽ ሰው የለሽም?»

ሙኒራ መርፌውን አስቀምጣ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ፈንታነሽ ተኝታ ስለነበር አልሰማችም፤ የአንድ ቀን ልጇም ከጎኗ ተጠቅልላ ተኝታ ነበር። በዝናሽ የምቀናው ለዚህ ነው፤ ሚስቴን ዓይኗን አይተው ደክሟታል ብለው የጠየቋት የመጀመሪያዋ ሰው እሳቸው ሆኑ። ያ ጥያቄ የእኔ መሆን ነበረበት። እኔ ዘጠኝ ወር ሙሉ ስለ ራቱ ሳኮርፍ ነው የከረምኩት፤ ቅናቴም እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ራሴ ብቻ ነበር። አሁን ያሳፍረኛል።

ሙኒራ የሆነውን ማንም ሳያስገድዳት በዚያው ቀን በራሷ እጅ ጽፋ ለአለቆቿ አስገባች፤ ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ ብላ። ሆስፒታሉም ለዚህ ታማኝነቷ የሰጣትን ምላሽ ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። በክቡርነትዎ ፊርማ «ግድየለሽነት» የሚል ማስጠንቀቂያ ደረሳት፤ ከማስጠንቀቂያው ጋርም ቅጣት። ቅጣቱን ሳነብ ዓይኔን ተጠራጥሬ ለአሚን አስነበብኩት፤ እሱም እንደ እኔ አነበበው። በመጪው ዓርብ አንድ ተጨማሪ ተረኝነት! እንቅልፍ በማጣት ለሚመጣ ስህተት መድኃኒቱ እንቅልፍ ማሳጣት መሆኑን የሕክምና ሳይንስ መቼ እንደደረሰበት ባላውቅም፣ ከመጽሐፍ ባይሆን ከልምድ የተገኘ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ ነበር አባቶቻችን፤ እርስዎ ግን ዳውላውን ከመቱት በኋላ ሌላ ዳውላ ደርበው ጫኑበት። ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ከደረሳት ዓመቱን እንደምትደግም በደብዳቤው ግርጌ ተጽፏል። ከእሷ ጋር የሚሠሩት ተለማማጆችም ደብዳቤውን አንብበዋል፤ ከእንግዲህ ሲሳሳቱ ለማን እንደማይናገሩ በሚገባ ተምረዋል።

ከካርድ ክፍሉ አጠገብ በመስተዋት የተለበጠውን ማስታወቂያዎን አላየሁም እንዳይሉኝ፤ አይቻለሁ። «ማንኛውም ተለማማጅ ሐኪም በተከታታይ ከሃያ አራት ሰዓት በላይ አይሠራም» ይላል፤ ፊርማው ያምራል፤ ማኅተሙም አልተንሻፈፈም። ሙኒራን እንዴት ነው ብዬ ብጠይቃት፣ ከሃያ አራተኛው ሰዓት በኋላ ያለው ሥራ ሥራ እንዳልሆነ አስረዳችኝ። የጠዋቱ ራውንድ፣ ማለትም በሽተኞችን በየአልጋቸው እየዞሩ ማየቱ፣ «ትምህርት» ነው፤ ከዚያ የሚቀጥለው «ርክክብ» ነው፤ ከርክክቡ በኋላ ያለው ደግሞ «ቀሪ ጉዳይ» ይባላል። ፈንታነሽ ስምንተኛ መርፌ ልትወጋ የነበረችው በቀሪ ጉዳይ ላይ ነው። ቤተሰቦቿ ሬሳ ተሸክመው ወደ እብናት ቢመለሱ ኖሮ ሐኪሟ በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ እንዳልነበረች ማስታወቂያው ምስክር ይሆን ነበር።

ሆስፒታሉ ባዘጋጀው የሕዝብ ውይይት ቀን በአዳራሹ የሰጡትን ማብራሪያም ከኋላ ወንበር ሆኜ አድምጫለሁ። ሰዓቱ ከተቀነሰ ተለማማጆቹ በቂ በሽተኛ ሳያዩ ይመረቃሉ፤ ርክክብ ከበዛም አንዱ ያወቀውን ሌላው ሳያውቅ ስህተት ይበዛል ብለዋል። ሁለቱም ከባድ ነገሮች ናቸው፤ አልቀለድባቸውም። ስለ መጀመሪያው የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ሚስቴ በሃያ ስምንተኛው ሰዓት ባሏን አይታ ቀበሌውን ጠይቃለች፤ በዚያ ሰዓት ያየችው በሽተኛ ያስተማራት ነገር ካለ ደስ ይለኛል። ስለ ሁለተኛው ደግሞ እኔና አሚን አንድ ኮት ለሁለት ስንሰፋ የት እንደደረስኩ በጠመኔ ምልክት አድርጌ፣ የቀረውን ጨርቁ ላይ በመርፌ ሰክቼ እተውለታለሁ፤ እስካሁን ሦስት እጅ ያለው ኮት አልሰፋንም። ሁለት ፊደል ያልቆጠሩ ሴቶች በነጠላ ዘርፍ ለሃያ አራት ሰዓት ያለ አንዳች ስህተት ተረካክበዋል። የተማረ ሰው ርክክብ አይችልም የሚለውን ክርክር ከእርስዎ ከራስዎ ባልሰማ ኖሮ ስም ማጥፋት ነው እል ነበር።

አምስተኛውና የመጨረሻው ቅናቴ በእርስዎ ጨርቅ ላይ ነው። ያስታውሱ ይሆናል፤ በዒድ ዋዜማ፣ የከተማው ሕዝብ ሁሉ ለበዓሉ ልብስ ባዘዘበት ሰሞን፣ እኔ ሁለት ቀን ያለ እንቅልፍ ስሰፋ፣ ያን ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ ይዘው ወደ ሱቄ ገቡ። ልክዎን ወስጄ መቀሱን ሳነሣ ዓይኔን አዩት። ጨርቁን ከፊቴ ሳብ አድርገው እንዲህ አሉኝ፦

«ሬድዋን፣ ዛሬስ ደክመሃል። ጨርቄን ታበላሽብኛለህ። በዓሉ ይለፍና እንቅልፍህን ጠግበህ ጠዋት ትቆርጠዋለህ።»

ጨርቅዎን አጥፈው ይዘው ሄዱ። እኔም ከኋላዎ እያየሁ፣ ብልህ ሰው ናቸው አልኩ። አባቴ ሰዒድ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ቀኑ ሲያዘነብል፣ ስፌት እንጂ መቀስ አይነኩም ነበር። የተሳሳተ ስፌት ይፈታል፣ የተቆረጠ ጨርቅ ግን አይመለስም ይሉን ነበር። ይህን ሕግ አንድም ሐኪም ሳይነግርዎ በራስዎ ደረሱበት። ለሱፍ ጨርቅ ደረሱበት። ያን ቀን ያዩትን ዓይን ሐሙስ ዕለት በዋርድዎ ውስጥ እንደዚያው ቀልቶ ቢያገኙት ምን እንደሚሉ ስጠብቅ ከረምኩ፤ ያሉትም በማስጠንቀቂያው ደብዳቤ ደረሰን።

የምለምነው ብዙ አይደለም። የዓርቡ ቅጣት እንዲነሣ፤ ራውንዱም፣ ርክክቡም፣ ቀሪ ጉዳዩም በሰዓቱ ውስጥ እንዲቆጠሩ፤ ሃያ አራት ሰዓት የሞላው ሐኪም ከበሽተኛ እጁን አንሥቶ ወደ ቤቱ እንዲሄድ። ሃያ አራቱስ ከየት መጣ ብዬ አልከራከርም፤ ለጄኔሬተሩ ስድስት ነው፤ እኔ ለሚስቴ በአራት እጥፉ ተስማምቻለሁ። አንድ ሰው መቅጣት ግድ ከሆነም ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ሙኒራ ሳታውቅ፣ እሷ ተኝታ ሳለች መሆኑን እየመሰከርኩ፣ ተረኝነቱን በእኔ ላይ እንዲጨምሩት አመለክታለሁ። እኔ ቢደክመኝ የማበላሸው ጨርቅ ነው።

ለሚስቴ ስለሰጧት ሙያ፣ ስላስተማሯት ትዕግሥት፣ እኔንም ብቻዬን ራት መብላት ስላስለመዱኝ ከፍ ያለ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ በመጪው ቅዳሜ ረፋድ «በታካሚ ደኅንነት ለላቀ አፈጻጸም» የሚቀበሉት የምስክር ወረቀት ከወዲሁ የተባረከ እንዲሆን እመኛለሁ። እርስዎ መድረክ ላይ በሚወጡበት በአራት ሰዓት፣ የዓርቡ ቅጣት ካልተነሣ፣ ሚስቴ ሃያ ሰባተኛ ሰዓቷ ላይ ትሆናለች፤ ስለዚህ ማጨብጨብ ካልቻለች በክብር ይቅርታ ያድርጉላት።

የክቡርነትዎን ልክ በሴንቲ ሜትር የሚያውቅ፣ የሚስቱን ሻሽ ቀለም ግን ከዘበኛ የሚጠይቅ፣

ሁልጊዜም አክባሪዎ
ሬድዋን ሰዒድ
ልብስ ሰፊ

ግልባጭ፦
ለጄኔሬተሩ፣ በዕረፍት ሰዓቱ
ለወይዘሮ ዝናሽ፣ እብናት፣ የሚያነብላቸው ሰው ሲገኝ
ለዶክተር ሙኒራ፣ ስትነቃ

ማስታወሻ፦ ለቅዳሜው ሥነ ሥርዓት ያዘዙት ሱፍ አልቋል፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ መውሰድ ይችላሉ። የቆረጥኩት እንደ ትእዛዝዎ በጠዋት፣ ስምንት ሰዓት ሙሉ ተኝቼ ነው፤ አንድም እንከን አያገኙበትም። ፈንታነሽ ልጇን አቅፋ ከሆስፒታል በወጣች ዕለት፣ ዝናሽ ያን የነጠላቸውን ዘርፍ ቆርጠው ለሙኒራ ሰጥተዋት ነበር። እኔ በኮትዎ የውስጥ ኪስ ገበር ላይ ሰፍቼዋለሁ። መድረኩ ላይ ንግግርዎን ለማውጣት እጅዎን ሲሰዱ ቋጠሮዎቹን ይነካሉ። እባክዎ ይቁጠሯቸው፤ ሰባት ናቸው።